ወዳጅና ጠላት በአንድ ቀለም

ሆሳዕና ውስጥ ሀናን ሙሐመድን የሚያውቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያውቃት በለቅሶ ፎቶ ነው። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ከታች ጫማ መሸጫ ከላይ የጥርስ ሕክምና ባለበት ፎቅ ላይ፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የምርቃት ባነርና የባጃጅ ስቲከር የሚሠራባት አንዲት ጠባብ ዲዛይን ቤት አለች። ሀናን እዚያ ተቀጥራ ትሠራለች። የሞተ ዘመዱን ፎቶ ይዞ የመጣ ሰው ካለ የያዘችውን ሁሉ ትታ እሱን ታስቀድማለች። የደበዘዘውን ፊት ታጠራለታለች፤ ትከሻው ላይ የቀረውን የሌላ ሰው እጅ ታጠፋለታለች፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ ባለጉዳዩ አዙራ፣ "እንዲህ ነበሩ?" ብላ ትጠይቃለች። ሰውየው ካለቀሰ እስኪረጋጋ ትጠብቀዋለች።

ሌላውን ሥራዋን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ሀናን የጠፈር ጦር መርከብ ትሥላለች።

ነገሩ የጀመረው በልጅነቷ ነው። አባቷ አቶ ሙሐመድ ከሆሳዕና ዱራሜ የሚሠራ አሮጌ አውቶብስ ነበራቸው፤ ለቤቱ በገዙት ስልክ ሀናንና ታላቅ ወንድሟ ሙራድ ጌም ይጫወቱ ነበር፣ በየተራ። ሙራድ የሚወደው መተኮሱን ነው። እሷ ግን ተራዋ ሲደርስ መርከቧን አንድ ጥግ አቁማ የሌሎቹን አሠራር ታያለች፤ ክንፉ በየት በኩል እንደተጋጠመ፣ መስኮቱ ለምን እንደጠበበ። ሙራድ "ካልተኮስሽ ስጪኝ" ይላት ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ስትማር ቲቶ ከሚባል ልጅ ጋር ተዋወቀች። እሱም የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ከፕሮቴስታንት ቤተሰብ የመጣ፣ ዝምተኛ፣ ኮድ ሲጽፍ ከንፈሩን የሚነክስ። ከምርቃት በኋላ እሱ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ገባ፣ እሷ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። ግን በቴሌግራም መጻጻፋቸውን አላቆሙም፤ አንድ ቀን የራሳቸውን የጠፈር ውጊያ ጌም ለመሥራት ተስማሙ። ኮዱ የቲቶ፣ ሥዕሉ የሀናን።

ጌሙ ውስጥ ተጫዋቹ የሚነዳው አንዲት መርከብ ነው፤ ብቻውን ግን አይደለም። ከጎኑ የሚዋጉ፣ ስንቅና ጥይት የሚያመላልሱ፣ የተመታውን የሚጠግኑ አጋር መርከቦች አሉት። ቲቶ ከሚወዳቸው ጌሞች ሥዕል እየሰበሰበ ላከላት። ሁሉም እንደ ቢላ የሾሉ ነበሩ። ሀናን አልወደደቻቸውም። "እዚህ ውስጥ ሰው የት ይተኛል? የት ተቀምጦ ይበላል?" ብላ ጻፈችለት። ከዚያ የራሷን ጀመረች። ተዋጊዎቹን እንደ እንሰት ቅጠል ረጅምና ቀጭን አድርጋ፣ መሐላቸው ላይ አከርካሪ ሰጥታ፣ ጠርዛቸውን ነፋስ እንደተለተለው አድርጋ ሣለቻቸው። የስንቋን መርከብ ሆዷን አሰፋችና ጣሪያዋ ላይ ጭነት አሰረችባት፣ ልክ በገበያ ቀን ከዳምቦያ እንደሚመጣው አውቶብስ። የምትጠግነዋ መርከብ ሆሳዕና ዙሪያ፣ ሌሞ ውስጥ በየእርሻው መሐል እንደሚታየው ክብ ጎጆ ነበረች። ቲቶ መጀመሪያ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ግን የስንቋ መርከብ ከዓይኑ አልጠፋ እንዳለችው ጻፈላት።

መርከቦቹ በቅርብ ሲታዩ ያምራሉ፤ በሩቅ ሲሆኑ ግን ጥቁር ጠፈር ውስጥ ያለ ጉንዳን ናቸው፤ የስልክ መስታወት ደግሞ ትንሽ ነው። ስለዚህ በየመርከቡ አናት ላይ ትንሽ ነጥብ ታንጠለጥላለህ፤ ተጫዋቹ ነጥቡን አይቶ ማንን እንደሚመታ፣ ማንን እንደሚጠብቅ በቅጽበት ይወስናል። ወዳጅ አረንጓዴ፣ ጠላት ቀይ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሀናንም ብዙ ሳታስብበት እንዲሁ አደረገች።

መጫወት የሚቻልበት ደረጃ ላይ እንደደረሰ መጀመሪያ ለማን እንደምትሰጠው ማሰብ አላስፈለጋትም። ሙራድ ወደ ዱራሜ መውጫ ላይ ጎሚስታ ቤት አለው። ጎማ ይነቅላል፣ ካላማዳሪያ ይለጥፋል፣ ነፋስ ይሞላል። ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ሾፌሮቹ ግን ይወዱታል፤ ሲጠብቁ የሚቀመጡበት የአውቶብስ ወንበር ከደጁ አስቀምጦላቸዋል።

ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሀናን ስልኳን ይዛ መጣች። ሙራድ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ተቀበላትና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሾፌሮቹም በትከሻው ላይ አጎነበሱ። አነዳዱ ጥሩ ነበር። ግን ጌሙ ገና ሲጀምር ሁለቱን የእንሰት ቅጠሎች መታቸው። ስልኩ "ወዳጅ መርከብ መትተሃል" አለ። ሾፌሮቹ ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። እንደገና ጀመረ። አሁን ቀስ ብሎ፣ ተጠንቅቆ ሄደና የስንቋን መርከብ አቃጠላት። ከሾፌሮቹ አንዱ፣ ተገኘ የሚባለው፣ ሙራድ ለዘመድም የማይመለስ ጄኔራል ሆኗል ብሎ ቀለደ። በሦስተኛው ክቧን ጎጆ ጣለ፤ የተረፈው ጠላት ብቻ ነበር።

ሙራድ ስልኩን መለሰላት። "ጥሩ ነው። ደንበኛ መጣብኝ" አለና ተነሣ።

ማንም አልመጣም ነበር።

ሀናን ቅር ብሏት ወደ ቤት ሄደች። ከዓመት በላይ የለፋችበትን ነገር ሾፌሮች ፊት የቀለደበት መሰላት። ሲነጋ ግን የፊቱ ነገር ከነከናት፤ ሲስቅ አፉ ብቻ ነበር የሳቀው። ለምሳ እናታቸው የሰጧትን ቆጮና ጎመን ይዛ ወደ ጎሚስታ ቤቱ ተመለሰች። ብቻውን ነበር። የተነፋ ካላማዳሪያ ውሃ ውስጥ እየነከረና እያዞረ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልግ ነበር።

"ሆን ብለህ ነው?" አለችው።

"ምኑን?"

"ወዳጆችህን የመታኸው።"

ካላማዳሪያውን ትንሽ አዞረው። "የትኞቹ ናቸው ወዳጆቼ?"

"አረንጓዴዎቹ ናቸዋ።"

"አረንጓዴ አላየሁም" አለ።

ሀናን ስልኩን ከፍታ ምስሉን አቆመችና ወደ ዓይኑ አስጠጋችለት። በጣቷ አንዱን ነጥብ ነካች፣ ከዚያ ሌላውን፤ ምን እንደሚመስሉት ጠየቀችው። ሙራድ ለረጅም ጊዜ አየ። ሁለቱም የደረቀ ሣር እንደሚመስሉት፣ ያኛው ምናልባት ጠቆር እንደሚል ነገራት። ሰማያዊ ያያል። ቢጫም ያያል። ቀይና አረንጓዴ የሚሉት ግን ሰዎች የሚነጋገሩበት፣ እሱ ግን አንድም ቀን ያልያዘው ነገር ነው። ልጅ እያለ ዛፍ ቀለም ቅባ ተብሎ የሣለውን አይቶ መምህሩ ክፍሉን ሁሉ አስቆበታል። ከዚያ በኋላ ከጎኑ ያለው ልጅ የሚያነሣውን እርሳስ እያየ ያነሣ ነበር።

ከዚያ ማንም ያልሰማውን ነገራት። አባታቸው ሙራድን ከልጅነቱ ጀምሮ ረዳት አድርገው በአውቶብሱ ያዞሩት ነበር፤ መሪውን አንድ ቀን ሊያስረክቡት። ዕድሜው ሲደርስ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሄደ። የዓይን ምርመራው ላይ በነጠብጣብ የተሞላ ገጽ ገልጠው ውስጡ ያለውን ቁጥር አንብብ አሉት። ሙራድ ቁጥር አላየም። ሌላ ገጽ ገለጡለት፤ እዚያም የለም። መርማሪው ዓይንህ ቀለም አይለይም ብሎ ሸኘው። ሙራድ ቤት ገብቶ ለአባቱ የነገራቸው ግን ሌላ ነው።

"መኪና አልወድም አልኩት" አለ። "እሱም ምንም አላለኝም። አውቶብሱን ሸጦ ይሄን ቤት ከፈተልኝ። ናቀኝ ብሎ ነው የሞተው፣ ሀናን። ሥራዬን ናቀብኝ ብሎ።"

"ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? ልታወር ነው ብዬ?"

ሀናን መጀመሪያ አልገባትም። ቆይታ ስትጠይቀው ግን ነገሩ ወጣ። ቀለም አለመለየቱ የመታወር መጀመሪያ መስሎት ኖሯል። በየጠዋቱ ሱቁን ሲከፍት፣ ከመንገዱ ማዶ የቆሙትን መኪናዎች ታርጋ በልቡ ያነባል፤ ትናንት ያነበበው ዛሬ ከጠፋበት ሊያውቅ። ስለ ትዳር ሲነሣበት የሚሸሸውም ለዚሁ ነው። የሰው ልጅ አምጥቶ ዕውር ማስመራት አልፈለገም።

እዚያው ጎማ ላይ ተቀምጣ ስልኳ ላይ ፈለገች። ያገኘችውን እያነበበች ወደ አማርኛ መለሰችለት፤ ወደ ሀዲይኛም ደገመችለት፣ በደንብ እንዲገባው። አብሮት የተወለደ ነገር ነው። አይድንም፣ አይብስም። ዕውርነት አይደለም፣ ወደ ዕውርነትም አይሄድም። ሙራድ "አይብስም" የሚለውን መልሳ እንድታነብለት ጠየቃት። መልሳ አነበበችለት። ካላማዳሪያውን ከውሃው አወጣና ጭኑ ላይ አስቀመጠው፤ ሱሪው ረጠበ፣ እሱ ግን ያወቀ አይመስልም ነበር።

የሚቀጥለውን መስመር ስታነብ ድምፅዋ ቀነሰ። ወንድ ልጅ ይህን የሚወርሰው ከእናቱ ነው፤ እናቱ ራሷ ቀለም ብትለይም ከአባቷ ተሸክማው ልትመጣ ትችላለች ይላል።

ሙራድ፣ "ለእማ አንቺ ንገሪያት። እኔ አልችልም" አለ።

እናታቸው ወይዘሮ ዛሂራ የከምባታ ልጅ ናቸው፣ የዳምቦያ፤ ሆሳዕና የመጡት በትዳር ነው። ሀናን ስትገባ ከገመድ ላይ ያወረዱትን ልብስ እያጠፉ ነበር። ልጃቸው የምትነግራቸውን እጃቸው ሳያርፍ ሰሙ። ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ከእኔ ነው?"

"አዎ እማ። ጥፋት ግን አይደለም።"

ወይዘሮ ዛሂራ የያዙትን ሸሚዝ ዘርግተው እንደገና አጠፉት። ከዚያ ስለ አባታቸው ስለ ሰዒድ መናገር ጀመሩ። ዳምቦያ ጓሮአቸው ውስጥ ቡና አላቸው። ሰዒድ ቡና ሲለቅሙ ቀዩንም ጥሬውንም አንድ ላይ ይለቅሙ ነበር። ነጋዴው ቅርጫታቸውን አይቶ ይመልሳቸዋል፤ ሚስታቸው ይቆጣሉ፤ የሰፈሩ ሰው "ሰዒድ ጥሬው" የሚል ስም አወጣላቸው። ኋላ ላይ ቤተሰቡ ጨርሶ እንዳይለቅሙ ከለከላቸው። ልጆቹ ሲለቅሙ እሳቸው ጆንያውን ከፍተው ይይዙ ነበር፣ የቤቱ አባወራ።

"እኔም ስቄበታለሁ" አሉ ወይዘሮ ዛሂራ። "አባ፣ አንተ ያዝ፣ እኛ እንለቅማለን እያልኩ።" ሸሚዙን ፊታቸው ላይ አደረጉና አለቀሱ። ሲረጋጉ መንገዱ እንደደረቀ ዳምቦያ እንደሚሄዱ ተናገሩ፤ ክረምቱ ገና አልወጣም ነበር።

ሀናን ለቲቶ ጻፈችለት። ነጥቦቹን በሙሉ መለወጥ ትፈልጋለች፤ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ቅርጹንም። ቲቶ አልተዋጠለትም። ቀይ ጠላት መሆኑን የዓለም ተጫዋች ሁሉ ያውቀዋል፣ ሰው ለምዶት የገባውን ነገር ከነካን ጌሙ ይከብደዋል አላት። ሥራውም ቀላል አይደለም፤ ነጥቦቹ ከሌላው ኮድ ጋር ተጠላልፈዋል። ለጥቂት ሰው ብለን ሁሉን እናፍርስ ወይ ብሎም ጠየቃት። ሀናን የመለሰችለት አጭር ነበር፤ ከጥቂቶቹ አንዱ ወንድሟ ነው፣ ወንድሟ የማይጫወተውን ጌም እሷ አትሥለውም። ከዚያ በኋላ ቲቶ ለብዙ ቀን አልጻፈላትም። እሷም አልጻፈችም፤ ግን ከፋት፤ ከእናቷና ከወንድሟ ቀጥሎ ልቧን የሚያውቀው እሱ ነበር።

በመጨረሻ ሲደውል ድምፁ ሌላ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ምሳ ላይ ነገሩን እንደ ወሬ አንሥቶት ነበር፤ ሀናን አበዛችው ሊል ፈልጎ። አጠገቡ የሚቀመጥ ሚክያስ የሚባል ባልደረባው ምሳውን ገፋው። ኋላ ብቻውን ጠርቶ፣ በየስብሰባው የሚያሳዩትን ቀይና አረንጓዴ ሠንጠረዥ አንድም ቀን ለይቶት እንደማያውቅ ነገረው። ዓመታት አብረው ሠርተዋል።

"ለማንም አልተናገረም፣ ሀናን" አላት ቲቶ። "እንሥራው።"

ሥራው የተሠራው ጎሚስታ ቤቱ ደጅ ነው ማለት ይቻላል። ሀናን ዲዛይን ቤት ከሚጣለው የስቲከር ቁራጭ ላይ ምልክቶቹን በትንሽ በትንሹ አትማ ታመጣለች፤ የተደረደሩት ጎማዎች ላይ ትለጥፋቸዋለች፤ ሙራድ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ የቱን ከየቱ እንደሚለይ ይነግራታል። ወዳጅ ሰማያዊ ክብ ሆነ። ጠላት ብርቱካንማ ሆነ፣ ጫፉ ወደ ታች የሾለ ሦስት ማዕዘን። ግን ክብና ሦስት ማዕዘን በጣም ሲያንሱ ያው ጠብታ ይሆናሉ። ስለዚህ ክቡን ከውስጥ ባዶ አደረገችው፣ እንደ ቀለበት፤ ሦስት ማዕዘኑን ደፈነችው። የተመታ ወዳጅ ቀለበቱ ይከፈታል፤ ብዙ በተጎዳ ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል። የስንቋ መርከብ ቀለበት ውስጥ አንዲት ሰረዝ ገባች። ሙራድ እንዳየው የሚናገር ሰው ስለሆነ አንዳንዱን ሥዕል ሁለቴም ሦስቴም አስጣላት። "ይሄ ፀሐይ ላይ አይታይም" ይላል፣ ወይም "ይሄ ዓይኔን ያምታታዋል"። እሷም ሳትከራከር ወደ ኮምፒውተሯ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ጨዋ ቀለም ነው ብላ የመረጠችውን ፈዛዛ ሰማያዊ ጭቃ ነው ሲላት ግን ግማሽ ቀን አኮረፈችው፤ በመጨረሻ ደመቅ አደረገችው።

አንድ ቀን ሥራ ቀዝቅዞ ተቀምጠው ሳለ ሙራድ ስለ አባታቸው አነሣ። ረዳት ሆኖ ሲዞር በዱራሜ መንገድ ላይ የሚመጣውን መኪና አባታቸው ገና ከሩቅ ያውቁት ነበር። የሚያውቋቸው ሾፌሮች መብራታቸውን ሁለቴ ብልጭ ያደርጋሉ፤ አባታቸውም ይመልሳሉ። አቧራም ይሁን ጭጋግ፣ ወዳጅ በዚያ ይታወቃል። መርከቦቹስ ለምን ሰላም አይባባሉም አለ።

ሀናን ይህን ወዲያው ለቲቶ ጻፈችለት። አሁን ጌሙ ውስጥ ወዳጅ መርከብ በአጠገብህ ሲያልፍ ሁለቴ ብልጭ ይላል። መልሰህ ብልጭ ካደረግክለት ከኋላህ ይሰለፋል። ብዙ ተጫዋች ከውጊያው ይልቅ የሚወደው ይህን እንደሆነ ይጽፍላቸዋል።

መንገዱ ሲደርቅ ሦስቱ ዳምቦያ ሄዱ። አባባ ሰዒድ አርጅተዋል፤ ጓሮአቸው ውስጥ አቮካዶው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ወይዘሮ ዛሂራ የአባታቸውን ጉልበት ስመው ተቀመጡና በከምባትኛ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዷቸው፤ የሙራድን ዓይን፣ የመንጃ ፈቃዱን፣ ስልክ ላይ የታየውን። ሀናን እናቷን ሲከብዳቸው እየደገፈች ጨመረችበት። ሽማግሌው አንገታቸውን ወደ ሙራድ አዙረው ሰሙ።

ሙራድ ከአጠገባቸው ካለው ቡና አንድ ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጎ ፍሬው እንደተንጠለጠለበት ወደ እጃቸው አስጠጋው። ገና የመኸሩ መጀመሪያ ስለነበር ፍሬው ጥሬም ብስልም ተደባልቆ ነው።

"አባባ፣ የበሰለው የቱ ነው?"

አባባ ሰዒድ ዓይናቸውን ወደ ቅርንጫፉ እንኳ አላዞሩም። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው እየነካኩ ሄዱ፤ አንዱን አለፉት፣ ሌላውንም አለፉት፣ ሦስተኛውን ቀጠፉት። ለስለስ ይላል አሉ። ሀናን አየችው፤ ደም የመሰለ ቀይ ነበር። ይህን የተማሩት ብቻቸውን ነው፤ ግን በተማሩበት ጊዜ ጆንያ ያዥ ሆነው ነበርና ማንም ልቀም አላላቸውም፤ እሳቸውም ልልቀም ለማለት አፈሩ።

ፍሬዋን መዳፋቸው ላይ እያንከባለሉ ቆዩ። ከዚያ ለልጃቸው፣ "ታዲያ ሰነፍ አልነበርኩም ማለት ነው?" አሏት።

"አልነበሩም፣ አባባ" ያለው ሙራድ ነው።

ሽማግሌው ሚስታቸው ይህን ሰምተው ቢሆን ደስ ይላቸው እንደነበር ተናገሩ። በሕይወት የሉም። ስማቸውን ሲጠሩ ምሬት አልነበራቸውም፤ እንዲያውም ለቀማ ሳይከለከሉ በፊት አንዳንዴ ሚስታቸው ቅርጫቱን ከእጃቸው እየተቀበሉ፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ጥሬውን ያወጡላቸው እንደነበር አስታወሱ፤ ያን ጊዜ ዝምታው ንቀት መስሏቸው ነበር፤ አሁን ግን እንጃ አሉ።

ሙራድም ለአባቱ ሳይናገር እንደቀረ ነገራቸው። ወደ መሬት እያየ ነበር የተናገረው። አባባ ሰዒድም አቶ ሙሐመድ አውቶብሱን የሸጡ ሰሞን ወደ እሳቸው መጥተው እንደነበር አነሡ። ከፍቷቸው ነበር፤ ሽማግሌው አልሸሸጉትም።

"የከፋው ግን ስለ መኪናው አይደለም" አሉ። "ልጄ የሆነ ነገር ከብዶት ደብቆኛል ነው ያለኝ። ጠይቀው አልኩት። ሲፈልግ ይነግረኛል፣ እኔ እጠብቀዋለሁ አለ።"

ሙራድ ፊቱን ወደ ቡናው መለሰ። ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉለት፤ አላነሡትም፤ ወይዘሮ ዛሂራ ምግብ ቀርቧል ብለው እስኪጠሯቸው ድረስ እንዲያ ተቀመጡ።

ጌሙ የወጣው ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ ነው። ሀብታም አላደረጋቸውም፤ ቲቶ አሁንም መሥሪያ ቤቱ ይገባል፣ ሀናንም የለቅሶ ፎቶ ታጠራለች። ግን ከማያውቋቸው አገሮች ሰው ይጽፍላቸዋል። አንዳንዱ ስለ መርከቦቹ ነው፤ የእንሰት ቅጠል አይቶ የማያውቅ ሰው ይህን ቅርጽ ከየት አመጣችሁት ይላቸዋል። አንዳንዱ ግን ስለ ቀለበትና ስለ ሦስት ማዕዘኑ ነው፤ እነዚህን መልእክቶች ቲቶ ሳይነካ ለሀናን ይልካቸዋል፤ ሀናን ደግሞ ጎሚስታ ቤት ወስዳ ታነባቸዋለች። ሁለተኛ ጌም ጀምረዋል። ሙራድ አሁን ማንም ሳይጠይቀው አስተያየት ይሰጣል፤ ቲቶን በስልክ ሲያዘው የሰማ የድርጅቱ ባለቤት ይመስለዋል።

መንጃ ፈቃዱን እንደገና ሊሞክር አልፈለገም። ሀናን አንድ ጊዜ ጠይቃው ነበር፤ አሁን በእውነት ጎማ እንደሚወድ ነገራት፣ እሷም አመነችው። ማዶ የቆሙትን መኪናዎች ታርጋ ማንበብ ትቷል። ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ሆና ወደምትሠራ፣ ሰፊያ ወደምትባል ልጅ ቤት ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ስለ ዓይኑ ራሱ ነግሯታል። ሰፊያ የሰጠችው መልስ ምን እንደሆነ ሀናን ብትለምነውም አይነግራትም፤ ይስቃል ብቻ።

ለዒድ የሚለብሰውን እስከ ዛሬ እናቱ ነበሩ የሚገዙለት። ዘንድሮ ብቻውን ገበያ ወጥቶ ሸሚዝ ገዛና ለብሶት ወደ ቤት ገባ። ወይዘሮ ዛሂራ አይተው ሀናንን ተመለከቱ። ሙራድ ወደ ሀናን ዞሮ፣ "እውነቱን ንገሪኝ፣ ምን ዓይነት ነው?" አላት።

"በጣም ቀይ ነው" አለችው። "ከመናኸሪያ ይታያል።"

ሙራድ እጅጌውን አነሣና ትንሽ አየው። ጨርቁ ጥሩ መሆኑን ተናግሮ፣ ቁልፉን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ወደ ሰላት ሄደ።